ሽፋን ያልለበሰ መጽሐፍ

«ዘግይታችኋል» አለች ፋርማሲስቷ በሩን እንደከፈተች። «ጠዋት እንመጣለን አላላችሁም? ከቀብሩ የተረፉት እነዚያ ጥግ ላይ የተነባበሩት ናቸው። እግሩ የተሰበረው ስታመጡትም እንደዚያው ነበር፤ በኛ እንዳታሳብቡ።»

በሩ ላይ የቆመችው ሴት ወደተጠቆመላት ጥግ አየች። ጠና ያለች፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ የጣቶቿ ጫፍ ላይ ነጭ ሙጫ የደረቀባት ሴት ናት። በብብቷ የያዘችውን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር መስኮቱ ደፍ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወንበሮቹን በሁለት እጇ አንጠልጥላ ወደ በረንዳ ወጣች። ተመልሳ ሌሎቹን አነሳች።

ይህን ጊዜ የፋርማሲስቷ አክስት የሻይ ትሪ ይዘው ከማድቤት ብቅ አሉ።

«ማን ናት ይቺ?»

«የወንበር አከራዮቹ ናት።»

«አይደለሁም» አለች ሴትዮዋ ወንበር እንዳቀፈች። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ወንበሩን ምን አሸከመሽ?»

«እሷ አዘዘችኝ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይከራከሩትም ብዬ ነዋ።»

አክስት ትሪውን አስቀምጠው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሳቅ ይሁን እፍረት አልለየም። «አንቺ ልጅ፣ ለቀስተኛ ወንበር ታሸክሚያለሽ!»

ፋርማሲስቷ ይቅርታ ጠየቀች። ፊቷ ጋለ። እህቷ ከሞተች ወዲህ የሚገባ የሚወጣው ሰው ሁሉ አንድ መልክ ሆኖባታል፤ ሁሉም ትከሻዋን ጨበጥ አድርጎ «አይዞሽ» ብሎ ይቀመጣል። ይቺ ግን አልጨበጠቻትም። ቁልቁል እያየቻት፣ «ዝግጁ የምትባለው አንቺ ነሽ አይደል?» አለቻት።

«ምን አሉ?»

«ዝግጁ። እህትሽ እንደዚያ ነበር የምትልሽ።»

እንደዚያ ብላት አታውቅም። እህቷ በስሟ ነበር የምትጠራት፤ ሲከፋት ደግሞ «እመቤት» ትላታለች። «ዝግጁ» የሚባል ስም በዚህ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። እንግዲህ ሌላ ቤት ነው የወጣላት።

ሴትዮዋ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ተቀምጣ ሻይ ሲቀርብላት ይህንኑ ለአክስት አስረዳች፤ ከሟች ጋር እንዴት እንደተዋወቁም ሳትጠየቅ ቀጠለች። መታወቂያ ልታሳድስ ሟች ፎቶ ወደምታነሳበት ስቱዲዮ ሄዳ ነበር። ሟች ግራጫው መጋረጃ ፊት አስቀመጠቻት፤ መብራቱን አስተካክላ፣ «አይሳቁ» አለቻት። «አይሳቁ ስባል ነው ሳቄ የሚመጣው» አለች ጠራዧ። «እሷ አይሳቁ ትላለች፣ እኔ እንፈራፈራለሁ። ውጪ የተሰለፈው ሰው ተቆጣ። በመጨረሻ እሷም ካሜራው ላይ ተደፍታ ትስቅ ጀመር። ይኸው መታወቂያዬ፣ እዩት፤ ከንፈሬን እንዴት እንደነከስኩት! ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት ትመጣ ነበር፤ ልጆቼንም 'አትሳቁ' እያለች ስለምታነሳቸው 'አትሳቁ' ነው የሚሏት። 'እናቴ፣ አትሳቁ መጣች!' ይላሉ።»

መታወቂያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጥግ የተቀመጡት ጡረተኛው ጎረቤት ሳይቀሩ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ሳቁም። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ ጠራዧ አስጠጋ። ፋርማሲስቷ የሻዩን ብርጭቆ ይዛ ቆማ ቀረች። ለቀስተኛው ሐዘኑ የማን እንደሆነ የዘነጋ መሰላት። እህቷ ካሜራ ላይ ተደፍታ ስትስቅ እሷ አይታ አታውቅም። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ፀጉሯን ያበጠረችላት፣ ደብተሯን የለበደችላት፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ እጇን ይዛ ያደረሰቻት እህቷ ናት። አብረው አንድ ክፍል ተኝተዋል። ግን ስለ እህቷ ሲጠይቋት «ጥሩ ሰው ነበረች» ከማለት ሌላ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ወሬ ከአፏ አልወጣም።

ሐሙስ ሐሙስ እህቷ አምሽታ ትገባ ነበር። «ሥራ በዝቶ ነው» ትላለች። እንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ የት እንደነበረች ታወቀ።

ሰዉ ሲቃለል ጠራዧ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ጥቅሉን አመጣች። ከጨርቁ ውስጥ ሽፋን ያልለበሰ፣ ጀርባው ላይ የተሰፋበት ክር የሚታይ መጽሐፍ ወጣ።

«አልበም ነው?» አሉ አክስት።

«አይደለም። አልበም የሠርግ ነው፤ ሁሉም ቆሞ ሌንስ ሌንሱን የሚያይበት። ይሄ መጽሐፍ ነው። የፎቶ መጽሐፍ። የራሷ።»

አክስት ገለጡት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጋዜጣ ላይ የተተወ የብርቱካን ልጣጭ አለ። ቀጥሎ የካልሲ ላስቲክ ቀይ መስመር ያተመበት የልጅ ቁርጭምጭሚት። ቀጥሎ አንድ ፀጉር የተለጠፈበት ሳሙና፣ ያልታጠበ ሳህን። ቀጥሎ አፉን ከፍቶ ሶፋ ላይ ያንቀላፋ ሰውዬ፣ መነጽሩ ደረቱ ላይ። ጽሑፍ የለም፤ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ የሚል ነገር የለም።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉ አክስት። «ያልታጠበ ሳህንም ፎቶ ይነሳል? ወይ ጉድ! እኔ እኮ ጎበዝ ናት ስትባል...» አልጨረሱትም። ገለጡ። ሌላም ገለጡ። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ቆዩ፤ ጉልበት ላይ የተዘረጋ፣ ቁልፍ እየተተከለበት ያለ ሸሚዝ ነው፤ ክሩን በጥርሷ የምትበጥስ ሴት አገጭ ብቻ ከላይ ይታያል። አክስት ያን ገጽ በጣታቸው ነኩት። «የእኔም እናት እንዲህ ነበር የምትበጥሰው» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሳህን አላነሱም።

ፋርማሲስቷ ከአክስቷ ትከሻ በላይ ሆና ታያለች። መጽሐፉ ድምፅ የለውም። ምንም አይለምንም። ግን ዓይኗን ማንሳት አቃታት፤ እያንዳንዱ ገጽ ሰው ሳያይ የቀረ በር እንደመክፈት ነው። ችግሩ በሩ የሌላ ሰው ቤት በር መሆኑ ነው። የጠራዧ ባል፣ የጠራዧ ልጆች፣ የጠራዧ ሳሙና። እህቷ እንዲህ ቀርባ፣ እንዲህ ጊዜ ሰጥታ ያየችው ቤት ይህ ነበር።

በመጨረሻ አካባቢ አንድ ፎቶ ደረሰ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ እህቷ አንገቷን አዘንብላለች፤ ፀጉሯ አረፋ ብቻ ሆኗል። የጠራዧ ጣቶች አናቷ ላይ ናቸው። እህቷ ካሜራውን ሆዷ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች፤ ድዷ እስኪታይ፣ የጎን ጥርሷ የተሸረፈው እስኪለይ። ፋርማሲስቷ ያ ጥርስ መሸረፉን አታውቅም ነበር።

እሷ ራሷ ግን መጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ የለችም።

«ሌላ ማሳተም አይቻልም?» አሉ አክስት መጽሐፉን ሲዘጉ። «ለዘመድ ሁሉ...»

«አይቻልም። ስቱዲዮው ጨለማ ክፍል ውስጥ በእጇ ያጠበችው ነው። ፊልሙን የት እንዳደረገችው እኔም አላውቅም። አንድ ብቻ ጥረዥልኝ አለችኝ፣ አንድ ጠረዝኩ። ሽፋኑ ሲቀር...» ጠራዧ እጇን ዘረጋች። «ላሳያችሁ ነው ያመጣሁት። ልወስደው ነው።»

«የት ነው የሚወስዱት?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ቤት።»

«የእህቴ ነው።»

«የእህትሽ ነው። ያንቺ ነው ግን አላለችም።»

«የእርስዎስ ነው ብላለች?»

ጠራዧ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ጆሮዋ ቀላ። አክስት በመሀል ገቡ፤ ነገ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች አሉ፣ አንድ ቀን ይደር፣ የሚወሰደውም ነገ ይወሰዳል አሉ። ጠራዧ እያመነታች ጨርቁን ብቻ አጥፋ ያዘች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር ብላ፣ «እጃችሁን ታጥባችሁ ንኩት» አለች፣ «'እርስዎ' ደግሞ አትበይኝ፤ እህትሽ 'አንቺ' ነበር የምትለኝ።»

«እሺ፣ ደህና ይዋሉ» አለች ፋርማሲስቷ።

ማታ ሁሉም ሳይተኛ፣ አክስት ማድቤት ብርጭቆ እያጠቡ፣ ፋርማሲስቷ መጽሐፉን ይዛ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ኮሪደሩ ላይ የምረቃዋ ፎቶ ተሰቅሏል፤ እህቷ ናት ያነሳቻት። ፀጉሯ የተተኮሰ፣ አገጯ የተስተካከለ፣ እጇ እጇ ላይ። እዚህ ቤት ያሉት የእሷ ፎቶዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው። የፎቶ አንሺ እህት ስለሆነች እንዴት መቆም እንዳለባት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ካሜራ ገና ከቦርሳ ሲወጣ ትከሻዋ በራሱ ይቀናል። ዝግጁ።

አንድ ጠዋት ትዝ አላት። ጥርሷን እየቦረሸች ነበር፤ ፀጉሯ እንደተኛችበት ቆሟል፣ ፒጃማዋ ላይ አረፋ ተንጠባጥቧል። መስታወቱ ውስጥ እህቷን በሩ ላይ አየቻት፣ ትንሿን ካሜራ ይዛ። «ቆይ! ቆይ! ፀጉሬን!» ብላ ብሩሹን ወርውራ ሮጠች። አስራ፣ ተቀባብታ፣ ሹራብ ለብሳ ስትመለስ እህቷ ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ዳቦ ትቆርጥ ነበር።

«አሁን አንሺኝ» አለቻት።

«አለፈ።»

«ምኑ ነው ያለፈው?»

«ምንም። ዳቦ ብይ።»

ያን ጊዜ አልገባትም። አሁን ገባት። ጠራዧ ሳትከራከር ወንበር ታነሳለች፤ ፊቷን ታጣምማለች፣ ክር በጥርሷ ትበጥሳለች። ካሜራ ይኑር አይኑር ግድ የላትም። እህቷ ደግሞ ይህንኑ ነበር የምትፈልገው፤ ይህ እቤቷ ስለሌለ ሐሙስ ሐሙስ ሄዳ ትፈልገዋለች።

የመስታወቱን ፎቶ ገለጠችው። ላጥፋው ብላ አላሰበችም። የፈለገችው ያን ሳቅ ነው። የጠራዧን ጣቶች በመቀስ ቆርጣ ብትጥል እህቷ ብቻ ትቀራለች፤ ብቻዋን የምትስቅ። ገጹን ከስሩ ያዘችው፣ እጥፋቱ ላይ፤ ቀስ እያለች ወደ ታች ሳበችው። እንደ ጨርቅ እየተተረተረ ለቀቀ። መቀስ ፈልጋ መሳቢያ ከፈተች፣ ዘጋች። አልቆረጠችውም። የእህቷ ካፖርት በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ከሩቅ የመጡት ዘመዶች በሙሉ መጽሐፉን ለማየት ጓጉ። አክስት ስለ ሸሚዙ ቁልፍ ሳይነግሯቸው አልቀሩም። ጠራዧም በጠዋቱ መጥታለች፤ ጨርቋን ጉልበቷ ላይ አጥፋ፣ መጽሐፉን የሚነካውን እጅ ሁሉ በዓይኗ ትከታተላለች።

አክስት መሀሉ ላይ ሲገልጡ አንድ ገጽ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ፋርማሲስቷ ክው አለች። ያ አይደለም። እሷ የቀደደችው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው። ጠራዧ ጎንበስ ብላ የወደቀውን አነሳችው፤ መጽሐፉን ከአክስት ተቀብላ መሀሉን ከፈተች፤ ባዶውን ክር በጥፍሯ ነካችው።

«ማን ነው የነካው?» አለች።

«ልጆች ይሆናሉ» አሉ አክስት ተደናግጠው። «ትናንት ማታ የጎረቤት ልጆች እዚህ ሲሯሯጡ ነበር...»

«ልጆች አይደሉም» አለች ፋርማሲስቷ።

ወደ መኝታ ክፍል ሄዳ ከካፖርቱ ኪስ ያወጣችውን ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹ መሀል አስቀመጠችው። አክስት «እናንተ፣ ትንሽ ንፋስ ተቀበሉ» ብለው ሰዉን ወደ በረንዳው አስወጡ፤ እሳቸውም ተከትለው ወጡ።

ጠራዧ አልጮኸችም። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ገጠመቻቸው። የተቀደደው ጠርዝ ከተቀደደው ጠርዝ ጋር ልክክ አለ። «አንድ ወረቀት ናቸው» አለች። «ትልቁ ወረቀት ላይ ሁለት ፎቶ ታጥብልኛለች፤ እኔ መሀሉን አጥፌ እሰፋዋለሁ። አንዱን ከቀደድሽው የሚይዘው ስለሌለ ሌላው ይወድቃል።»

ፋርማሲስቷ ያን ጊዜ ነው የወደቀውን ፎቶ ያየችው። ትናንት አልፋው ነበር፤ የጠራዧ ቤት መስሏት። የእጅ መታጠቢያ ነው። ጠርዙ ላይ የተወረወረ የጥርስ ብሩሽ አለ፤ አረፋው ገና አልፈሰሰም፤ ቧንቧው እንደተከፈተ ነው። መታጠቢያው ጥግ ላይ ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ አለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መስቀያው ላይ ፎጣው ወደ ጎን እንደተንሳፈፈ ቀርቷል፤ አሁን አንድ ሰው በአጠገቡ ሮጦ ያለፈ ይመስላል።

ያን ስንጥቅ ታውቀዋለች። የሰነጠቀችው ራሷ ናት፣ በልጅነቷ፣ ብርጭቆ ጥላበት።

«ይሄ...» አለች።

«አዎ። የማን ቤት ነው ብዬ ጠይቄያት ነበር» አለች ጠራዧ። «'የኛ ቤት' አለችኝ። ስንት ሐሙስ እኔ ጋ በልታ፣ እኔ ጋ ጠጥታ፣ ልጆቼን አስተኝታ፣ አንድ ቀን 'የኛ' ብላ አታውቅም። 'እናንተ ቤት' ነው የምትለው። 'እናንተ ቤት ጨው የት ነው የሚቀመጠው?' ጨው የት እንደሚቀመጥ ጠፍቷት እኮ አይደለም!» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አንጀቴ ነው ያረረው። አንድ የጥርስ ብሩሽ። ይሄን አውጪው፣ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም አልኳት። ይሄ ካልገባ መጽሐፉ ይቅር አለች።»

ፋርማሲስቷ ሁለቱን ፎቶዎች አፈራርቃ አየች። «ሆን ብላ ነው አንድ ላይ ያደረገቻቸው?»

«እህ! እሱን እንኳ እንዳታስቢ። ገጹን ቆጥሬ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚታጠብ የነገርኳት እኔ ነኝ። የአጣጠፉ ጉዳይ ነው።»

ከበረንዳው የዘመዶቹ ድምፅ ይሰማል። ጠራዧ ተነስታ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ዱቄት አላችሁ?»

ማድቤት ገብተው ዱቄት በውሃ በጠበጡ። ፋርማሲስቷ አማሰለች፤ መድኃኒት ስትበጠብጥ እንደምታደርገው እጇ አልተቻኮለም። ጠራዧ ከቦርሳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወረቀት አውጥታ በቀጭኑ ቀደደች፤ ሙጫውን በጣቷ ቀባችው፤ ሁለቱን ገጾች መልሳ አንድ አደረገቻቸው። ስፌቱ ኋላ ማተሚያ ቤት ይደገማል፣ ሽፋኑም እዚያው ይለብሳል አለች። ፋርማሲስቷ «የት ይቀመጣል?» ብላ አልጠየቀችም። ጠራዧም አላነሳችውም። መጽሐፉን በሁለት መክተፊያ መሀል አድርገው ሳሎን ካለው አጭር መቀመጫ፣ ዱካው ላይ አስቀመጡት።

«አሁን ከባድ ነገር አምጪ።»

ፋርማሲስቷ ዩኒቨርሲቲ የተማረችበትን ወፍራሙን የመድኃኒት መጽሐፍ አመጣች። ጠራዧ በእጇ መዘነችው።

«ይሄን ሁሉ አንብበሽዋል?»

«ግማሹን።»

«ለዚህ ነው የቀለለው። ቁጭ በይበት።»

«ምን?»

«መክተፊያው ላይ ቁጭ በይ። መጫኛ ማሽን የለን፣ ምን እናድርግ? ቀጥ ብለሽ፤ እንዳትወዛወዢ። እስኪደርቅ።»

ተቀመጠች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ጡረተኛው ጎረቤት ከሚስታቸውና ከሌሎች ሰዎች ጋር ገቡ። በቤቱ ደንብ ለእሳቸው የማይነሳ የለም። እሷ አልተነሳችም። ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ቀሚሷ ላይ ዱቄት አለ፤ መክተፊያ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ እጇን ብቻ ዘረጋች።

«ምስኪን፣ ጉልበቷ ከድቷት ነው» አሉ ሚስትየው በሹክሹክታ። «አትነሺ፣ አትነሺ የኔ ልጅ።»

«መነሳት አትችልም» አለች ጠራዧ ፈርጠም ብላ። አክስት ከበረንዳው በር ላይ ሆነው አይተው ፊታቸውን ወደ ውጪ አዞሩ፤ ጀርባቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

የፋርማሲስቷ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠራዧ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«አትሳቁ» አለቻት።

መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነበር። ሰዉ ለቅሶ መሰለውና «እሰይ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አላት። ጥቂት ቆይቶ እውነትም ለቅሶ ሆነ፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንቢ ያላት እንባ በአፍንጫዋም በአገጯም ወረደ። አልጠረገችውም። እጇን ብታንቀሳቅስ መጽሐፉ ይወዛወዛል ብላ ፈርታ ይሁን፣ ረስታው ይሁን፣ ፊቷን እንዳለ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ እግሯ ደነዘዘ። ሌሎች ለቀስተኞች ደጃፉ ላይ ይሰማሉ።

«ነይ» አለቻት ጠራዧን፣ «ተራሽ ነው።»

ጠራዧ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ፋርማሲስቷ ለሚገቡት ሰዎች ወንበር ልታመጣ ወደ በረንዳ ወጣች።